የተማሪ አእምሮና የትምህርት ቤት ደኅንነት በሕግ ፊት፤ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር

ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካልና ከአእምሮ ጉዳት የመጠበቅ ግዴታ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ ግዴታውን በየትምህርት ቤቱ ማን፣ በየትኛው ሙያና በየትኛው በጀት ይወጣዋል የሚለው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ጥያቄው ዛሬ ከመቼውም ጊዜ የበለጠ አንገብጋቢ ሆኗል።

መነሻው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሲሆን፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ የሕፃናት ተቋም አካሉን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ በጦርነት ወይም በጥቃት የተጎዳ ሕፃን በአካልም በመንፈስም እንዲያገግም መንግሥታት ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርጉ በአንቀጽ 39 ያስገድዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ይሁን እንጂ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ ሕጋዊ የተግሣጽ እርምጃን ከተጠያቂነት ውጪ ስለሚያደርግ፣ «ለራሱ ሲባል ነው» እያለ ልጅን በአለንጋ የሚገርፍ ወይም በጠጠር ላይ የሚያንበረክክ ሰው ከለላ አገኘሁ ብሎ እንዲያስብ በር ይከፍታል።

የአእምሮ ጤና ጉዳይ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጪ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ዓላማው ሕክምናው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ከመቅረት ይልቅ በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ማድረግ ነበር። ስትራቴጂ ግን የመንግሥትን የሥራ አቅጣጫ የሚያሳይ ሰነድ እንጂ እንደ አዋጅ ግዴታን የሚጥልና ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አይደለም። በትምህርት ቤቶችም የምክር አገልግሎት፣ ማለትም ተማሪው ያስጨነቀውን ነገር ለሠለጠነ ሰው በምስጢር ነግሮ መፍትሔ የሚፈልግበት ሥራ፣ ብዙ ጊዜ ከማስተማሩ ጎን ደርቦ ለሚሠራ መምህር ይተዋል።

የዚህ ክፍተት ውጤት በተማሪው ኑሮ ላይ ይታያል። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ቀበሌ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የሚገባ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ እየሄደ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ እየተመለሰ፣ ራሱን በራሱ እያስተዳደረ ይማራል፤ እንቅልፍ ቢያጣ ወይም ከሰው ቢሸሽ ልብ የሚለው ወላጅ አጠገቡ የለም፤ ልጃገረዶችም በመንገድና በኪራይ ቤት ለጥቃት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሕመሙ ሲጠና ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ጸበልን ነው፤ ጸበሉም ሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነት ተጨመረ። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በስም ጠቅሶ በድብደባ ሰላማዊ ሰዎች መጎዳታቸውን የሚገልጹ መረጃዎች እንደደረሱት አስታወቀ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጪ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ዘመን ያሳለፈ ልጅ ወደ ክፍል ቢመለስም ድንገተኛ ድምፅ ሊያስደነብረው፣ ሌሊት ሊቃዥና መጽሐፍ ገልጦ ሐሳቡን መሰብሰብ ሊያቅተው ይችላል፤ ሐኪሞች ምልክቶቹ ሲዘልቁ ከአስከፊ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ይሉታል፤ ስንፍና ወይም ጥጋብ አይደለም፣ በአለንጋም አይድንም።

ሕገ መንግሥቱ የትምህርትና የጤና አገር አቀፍ መመዘኛዎችን ማውጣትን ለፌዴራሉ መንግሥት ቢሰጥም፣ ክልሎች በሥልጣናቸው ክልል ሕግ የማውጣት መብት ስላላቸው፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ የሚታተም አዋጅ ለዚህ ጉዳይ ማውጣት ይችላል። እንዲህ ላለው ሕግ አብነት የሚሆን አለ፤ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ያወጣው ሕግ፣ ጥበቃን ከማጠናከሩ ባሻገር ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና የተለየ በጀት መድቧል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በጀት የሌለው መብት በወረቀት ላይ እንደሚቀር ነው።

ስለዚህ የሚወጣው ሕግ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሥራ የማይደረብበት አማካሪ እንዲመደብ፣ አማካሪው ከቅርብ ጤና ጣቢያ ጋር በግልጽ የሪፈር ሥርዓት እንዲተሳሰር፣ የአካል ቅጣት ያለ ምንም ሰበብ እንዲከለከል፣ ማንኛውም ታጣቂ ወገንም የትምህርት ቤትን ግቢ ለውጊያ እንዳይጠቀም መደንገግ ይኖርበታል። የምዕራብ ጎጃም ወላጆች፣ መምህራንና የምክር ቤት ተወካዮች ይህን ጥያቄ ሰላም እስኪወርድ ሳያቆዩ ዛሬውኑ ሊያነሡት ይገባል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ያሳለፈውን ሁሉ ይዞ የሚመጣ ነውና።