ጉልቻው የሚለወጠው በክፉ ቀን ነው

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አባባሉ ሹም ሲሻር ሹም ሲተካ፣ ኑሮው ግን እንደነበረ መቅረቱን የታዘበ ሕዝብ ያፈለቀው በመሆኑ በዚያ በኩል የምንነቅፈው አይደለም። ወደ ማድቤት ስንገባ ግን እንሟገተዋለን። የጉልቻው መለወጥ ወጡን አያጣፍጠው ይሆናል። ከሥሩ የሚነደውን እንጨት ግን ይቀንሳል። የቀነሰው እንጨት ደግሞ በኑሮ ውድነት ወቅት ከወጡ ጣዕም የማይተናነስ ቁም ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሳው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝና ኪስ ሲሳሳ ኃይል ቆጣቢ የቤት ዕቃ መግዛት ቅንጦት ነው ወይስ የመከላከያ መሣሪያ? ዕቃውን የሚሠራው አነስተኛ አምራችስ ክፉውን ቀን ከገዢው ጋር ተደጋግፎ ሊያልፈው የሚችለው እንዴት ነው? ጥያቄው የሚመለሰው በመፈክር ሳይሆን በተጨባጭ ከደረሰው በመነሳት ስለሆነ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

በመስከረም 2001 ዓ.ም. የሌማን ብራዘርስ ባንክ መክሰር የዓለምን የገንዘብ ቀውስ ይፋ ባወጣው ጊዜ፣ በአገራችን ብዙዎች ጣጣው የዎል ስትሪት እንጂ የእኛ አይደለም ብለው ነበር። ባንኮቻችን ከውጭው የገንዘብ ገበያ ጋር ያልተቆራኙ በመሆናቸው አባባሉ ከፊል እውነት ነበረበት። ይሁን እንጂ ቀውሱ በባንክ በር ባይገባም በቡና በር ገባ። በ2000 በጀት ዓመት 525 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኘው የቡና ወጪ ንግድ በ2001 በጀት ዓመት ወደ 375 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የዓለም ገበያ መቀዝቀዝ ብቻውን ያመጣው አልነበረም። ጃፓን በፀረ ተባይ ቅሪት ምክንያት ቡናችንን አልቀበልም ማለቷና የአገር ውስጡ ግብይት ሥርዓት መለወጥ ያስከተለው መንገራገጭም ድርሻ ነበራቸው። ውጤቱ ግን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሆነ። ይህም ለልብስ ሰፊው የክርና የዚፕ፣ ለበያጁ የኤሌክትሮድ መወደድ ማለት ነው። ሸማቹ በበኩሉ በሐምሌ 2000 ከ60 በመቶ በላይ የደረሰው የዋጋ ንረት ጥሪቱን ቀድሞ አራግፎት ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ መብራት ጠፋ። በ2001 ዓ.ም. የግድቦቹ ውሃ ከፍላጎቱ ጋር ሊመጣጠን ባለመቻሉ ኃይል በፈረቃ ታደለ፤ በአንዳንድ ወራትም ሰፈሮች መብራት ያገኙ የነበረው አንድ ቀን እየዘለለ ነበር። ተከዜ በኅዳር 2002፣ ጊቤ ሁለት በጥር፣ በለስ በግንቦት ወር እስኪመረቁ ድረስ ትንሹ ሠራተኛ የዋለው በፈረቃው ምሕረት ነው።

ያኔ ተማሪዎች የነበርን ሰዎች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያየነውን አንረሳም። ፀጉር አስተካካዩ መኪናውን አስቀምጦ በመቀስ ይቆርጣል። እንጨት ሥራ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኞቹ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ግን ይሰፋል። የእርሱ መኪና በእግር የሚረገጥ ነው፤ ካውያውም የከሰል ነው። ዘመናዊ ሞተር ለመግጠም አቅም በማጣቱ ሲታዘንለት የነበረው ሰው በዚያ ክረምት የጎረቤቶቹን ደንበኞች ሰበሰበ። ከዚህ ተነስተን ወደ ካውያ ከሰል እንመለስ የምንል አይደለንም። በአንድ የኃይል ምንጭ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አነስተኛ ድርጅት ግን ከገበያው መቀዝቀዝ በፊት ምንጩ ሲደርቅ እንደሚወድቅ ልብ እንላለን። ጄኔሬተር የገዙትም ቢሆኑ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን በ2001 መጀመሪያ በማንሳቱ ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ተሻገሩ እንጂ አላመለጡም።

የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑ በዚያው አካባቢ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን በባለፈትሉ አምፖል ልዋጭ ማደሉ የሚታወስ ነው። ሥራው ትክክለኛ ነበር። ባለ 60 ዋቱን አምፖል 11 ዋት በሚፈጅ ሲተኩ ብርሃኑ ሳይቀንስ ፍጆታው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ ኤልኢዲው ከዚያም ያነሰ ይፈጃል። ሆኖም በአምፖሉ ብቻ የረካ ቤተሰብ ሒሳቡን ገና አልጨረሰም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በ3.5 ኪሎዋት እንያዘው። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል ኃይል የሚጨርሰው በ23 ቀን ነው። ያን ብኩን አምፖል አጥፍተን ለሦስት ሳምንት በጨለማ ብንቀመጥ የምናተርፈው የአንድ ጊዜ ጋገራ ብቻ መሆኑ ነው! ስለሆነም የቁጠባው ዋና ግንባር ሳሎን ሳይሆን ማድቤት ነው።

በማድቤት በኩል አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በ1980ዎቹ የተዘጋጀችው «ላቀች» የከሰል ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የተተኮሰ ሸክላ ለብሳ ሙቀቱን ወደ ድስቱ ትመልሳለች እንጂ እንደ ተራው የቆርቆሮ ምድጃ በጎንዋ አትበትንም። ከከሰሉ ሩቡን ያህል ታድናለች፤ አራት ጆንያ ይፈጅ የነበረ ቤት በሦስት ይዘልቃል ማለት ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርፆ ምጣዱን ዙሪያውን በመክበብ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱም በትንንሽ አምራቾች እጅ ሊሠሩ ይችላሉ። የላቀች ልብ ደግሞ ሸክላው ነው። በዚህች አገር ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ሲያገል የኖረ ኅብረተሰብ ዛሬ ከሰሉን የሚያድንለት ያው የተናቀ እጅ መሆኑን ሊያውቀው ይገባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው ስለምን በየቤቱ አልገባም? የነገሩ አስኳል እዚህ ላይ ነው። ቆጣቢው ዕቃ አብልጦ የሚጠቅመው ችግረኛውን ነው፤ ዋጋውን በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውም ይህንኑ ችግረኛ ነው። ከሰል በፌስታል የምትገዛ እናት ለአንድ ኪሎ የምትከፍለው በጆንያ ከሚገዛው ጎረቤቷ ይበልጣል። ምድጃዋም ርካሹ፣ ማለትም ከሰሉን አብዝቶ የሚበላው ነው። ድህነት በየቀኑ የሚከፈል ግብር ሆኖባታል። «ቆጥቢ» ብሎ ማስተማር ለእርስዋ ስድብ ነው፤ ከእርስዋ የበለጠ የቆጠበ የለምና። የጎደላት የመጀመሪያው ገንዘብ እንጂ ምክር አይደለም።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 2001 ዓ.ም. ባወጣው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ቤቱን ሙቀት በሚይዝ መስኮትና ጣሪያ ለሚያድስ ሰው ከወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 1,500 ዶላር ድረስ፣ ከግብሩ እንዲቀነስለት ፈቅዶ ነበር። ቅናሹ ግን ቀድሞ ከፍሎ ለሚያሳድስና የሚቀነስለት ግብር ላለበት ሰው እንጂ ከሥራ ለተባረረው አልነበረም። በዚያው ሕግ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች ቤት እድሳት የተመደበው 5 ቢሊዮን ዶላር በመርህ የተሻለ ነበር፤ ቤቱን ያሳድሳል፤ ግንባታ በመቀዝቀዙ ሥራ ላጡ ሙያተኞችም ሥራ ይከፍታል። እኛም ባሕር ማዶ ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት፣ በአውሮፓ ማቀዝቀዣው ሳይቀር የፍጆታውን ደረጃ ፊቱ ላይ ለጥፎ ሲሸጥ አይተናል። በእኛ ገበያ ግን ሻጩ አምፖሉን ሶኬት ላይ ሰክቶ «ይኸው በራ» ካለ ዋስትናው አበቃ።

ወደ ራሳችን እንመለስና የዛሬውን እንመልከት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተወድዷል፤ የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተደርጓል። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኃይል አበዛልን እንጂ ሒሳቡን አላስቀረልንም። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ሐሳቡ ብዙ የሚፈጀው ባለጸጋ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። በየግቢያችን ግን አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይገለገላል። የሁሉም ፍጆታ ሲደመር ቆጣሪው የሀብታም ቤት ይመስላል፤ ተከራዮቹም በሀብታም እርከን ይከፍላሉ። አንዷ ቆጣቢ አምፖል ብትገዛ ትርፉን የሚካፈለው ግቢው በሙሉ ስለሆነ ማንም ቀድሞ አይገዛም። ግቢው አንድ ላይ ካልመከረ ይህ ቋጠሮ አይፈታም።

አምራቹም የራሱ ቋጠሮ አለበት። ሸክላ በክረምት አይደርቅም። ለዝናቡ ወራት የሚሸጠውን በበጋ ሠርቶ ማከማቸት ይገባዋል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ግን የለውም። እጁ ሲያጥር ምን ያደርጋል? ሸክላውን ያሳሳል፤ ሳይተኮስ ያወጣዋል። እንዲህ ያለው ምድጃ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሰነጠቅና ስሙ ይጠፋል፤ ጥሩ የሠራውም ባልደረባው አብሮ ይጠፋል። ክፉ ቀን አነስተኛውን አምራች የሚገድለው ገዢ በማሳጣት ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንዲያበላሽ በማስገደድም ጭምር ነው።

ዕድሮቻችንን የምናነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። አንድ ዕድር በመጋቢት ወር ለአባላቱ ሃምሳ ምድጃ ቢያዝና ግማሹን ቀብድ ቢከፍል፣ አምራቹ የበጋውን ፀሐይ ይጠቀምበታል፤ አባሉም ዋጋውን ከወርኃዊው መዋጮ ጋር ጥቂት በጥቂት ይመልሳል። ከቀሪው ክፍያ ጥቂቱ ለሁለት ወር ቢያዝ ደግሞ የተሰነጠቀው ምድጃ ዕዳ በገዢዋ ላይ አይወድቅም። «የቀብር ገንዘብ ለምድጃ!» የሚሉ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በተከታታይ ሁለት ሦስት ሐዘን ቢደርስ ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ይችላልና ለቀብር የሚበቃው አስቀድሞ መለየት አለበት። ነገር ግን ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት በጋራ ሲገዛ የኖረ ማኅበር ነው። ለለቀስተኛ በሦስት ጉልቻ ሲያበስል የሚያነደውን እንጨት አስልቶ ቢያውቅ ኖሮ የመጀመሪያው ደንበኛ ራሱ በሆነ ነበር።

ምንም ሳይገዛ የሚጀመርም አለ። በቅርቡ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማድቤት ውስጥ ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ሲጋግሩ አየን። የምጣዱ ሸክላ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ኃይል የሚበላው ከቅዝቃዜ ተነስቶ እስኪሞቅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይሞቅ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ሞቀ። የመጨረሻዋ ተረኛ ሁለት እንጀራ ሲቀራት ማብሪያውን አጠፋችና በቀረው ሙቀት ጨረሰች፤ ሁለተኛዋ ትንሽ ነጣ ብላለች፤ ቅር ያለው አልነበረም። ክርክር የነበረው የማሞቂያውን ድርሻና ማሟሻ የምትሆነውን የመጀመሪያዋን እንጀራ ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነበር። እርሱንም በየተራ አድርገውታል። የሚቀጥለው ሳምንት ጀማሪ ስም ከማብሪያና ማጥፊያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ ተጽፏል።