ቀበሌ ከማኅተሙ ባሻገር

ከዱራሜ ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ግራና ቀኝ እንሰት በከበባቸው ቤቶች መሀል ጥቂት እንደተጓዘ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለበት ባለቆርቆሮ ቤት ያገኛል። ግድግዳው ጭቃ፣ በረንዳው ጠባብ ነው። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አይጠፋም። አንዲት እናት በፌስታል የጠቀለለቻቸውን ወረቀቶች ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ለልጇ ሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጋ ነው የመጣችው። ከጎኗ ያሉት አዛውንት የጎረቤታቸው አጥር አንድ ክንድ ገፍቶ ገብቶብኛል ብለው አቤት ሊሉ መጥተዋል። ወጣቱ ደግሞ መታወቂያ ሊያሳድስ ነው። ሥራ አስኪያጁ የእናትየዋን ደብዳቤ ጽፎ ሲጨርስ መሳቢያውን ይስባል፤ ክቡን ማኅተም ያወጣል፤ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ እፍ ይልበትና ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጎ ያሳርፈዋል። ሐምራዊው ቀለም ዙሪያው ሳይቆረጥ መውጣቱን አይቶ ነው ደብዳቤውን የሚሰጣት።

ብዙዎቻችን ቀበሌን የምናውቀው በዚህ ማኅተም ነው። መታወቂያ ሲያልቅብን፣ ደብዳቤ ሲያስፈልገን፣ ግብር ክፈሉ ስንባል ብቻ ነው ትዝ የሚለን። ሌሊት በር ሲሰበር፣ ቤት ሲቃጠል፣ የሰው ልጅ ከመንገድ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ግን ይኸው ቤት ነው። ስለዚህ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን ማድረግ እንደሚችል ጠንቅቆ ማወቅ የነዋሪው ሁሉ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ቀበሌ የሚለው ቃል ራሱ ከመንግሥት መዋቅርነቱ በፊት ሰፈር፣ አካባቢ ማለት ነበር። መንግሥት ቃሉን የወሰደው በአብዮቱ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪውን በቀበሌ ማኅበራት አደራጀ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የቀረው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት በገጠሩ የመንግሥት ፊት ባላባቱ፣ ጭቃ ሹሙና አጥቢያ ዳኛው ነበሩ። ዕድገት በኅብረት የዘመቱት ተማሪዎች ገበሬውን ሰብስበው ማኅበር ሲያስመርጡት፣ ጭሰኛ የነበረው ሰው ሊቀ መንበር ተብሎ ተጠራ።

ያ ጅምር ተስፋም ጠባሳም አለው። የገበሬ ማኅበሩ መሬት ያከፋፍል ነበር፤ ፍርድ ሸንጎው ትንንሽ ክርክሮችን ያይ ነበር። በከተሞች ግን በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው የታሰሩ፣ የተገረፉና ወጥተው የቀሩ ልጆች አሉ። «ቀበሌ ትፈለጋለህ» የሚለው ቃል ያን ዘመን ያዩ ሰዎችን አሁንም ያስደነግጣቸዋል። አንዳንድ አረጋዊ ለአንዲት ደብዳቤ እንኳ ቀበሌ ከመሄድ ልጃቸውን መላክ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የቀበሌ ሹም የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቀው ለሰው አቀባበሉ ይጠቅመዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዟል። በዚህ መሠረት ቀበሌ የራሱ ምክር ቤት አለው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዱራሜ ዙሪያ ቀበሌዎች የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ናቸው፤ ድሮ በሸዋ ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ተብሎ ይጠራ የነበረው አገር ማለት ነው። የክልልና የዞን ስም ሲቀያየር ቀበሌው ባለበት ቆይቷል።

በቀበሌው ውስጥ ማን ይሠራል? አስተዳዳሪው ከነዋሪው የተመረጠ ነው። እርሻም አለው፣ ከብትም አለው፤ ጠዋት ማሳው ላይ ያገኘኸው ሰው ከሰዓት ስብሰባ ይመራል። ሥራ አስኪያጁ ግን ደመወዝተኛ ነው፤ መዝገቡንና ማኅተሙን የሚይዘው እሱ ነው። የልማት ሠራተኞች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ሠልጥነው በጤና ኬላው እንዲመደቡ ተብሎ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አለ። ከምባታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ስለሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ከአጥር እስከ አጥር በጥቂት እርምጃ ያልቃል። አንድ ክንድ መሬት እዚህ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው የወሰን ጉዳይ ከቀበሌው ደጃፍ የማይጠፋው፤ በጊዜ ያልተዳኘ የወሰን ክርክርም ወደ ደም ይሄዳል። ያን አዛውንት ሰምቶ በዚያው ቀን ሰው ይዞ አጥሩን ማየት ወንጀል መከላከል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፀጥታ ከተነሣ የፖሊስ ጣቢያው ያለው ብዙ ጊዜ ወረዳው ከተማ ላይ ነው። ቀበሌው ያለው ሚሊሻ ነው፤ ሚሊሻው ደግሞ ጎረቤት ነው። የማኅበረሰብ ፖሊስ ኦፊሰር ይመደባል፤ ግን አንድ ሰው ስንቱን ጎጥ ያዳርሳል? ሌሊት ሌባ ግድግዳ ሰርስሮ በሬ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እሪታ የሰማ ሁሉ ነው። ዱካ የሚከተለው፣ በየመውጫው የሚቆመው፣ ሲነጋ የበሬውን መልክና የቀንዱን አወጣጥ እየነገረ ወደ ገበያ የሚሮጠው ነዋሪው ነው። የቀበሌው ድርሻ ይህን ሥርዓት ማስያዝ ነው፤ የተረኛ ሮንድ ዝርዝር ማውጣት፣ ወደ ጎረቤት ቀበሌ መደወል፣ የተያዘውን ሰው ከሕዝብ ቁጣ አድኖ ለፖሊስ ማስረከብ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ቀበሌ የራሱ እስር ቤት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከምባታ ወይም ሐዲያ ሲመጣ በአንድ ቃል ይደናገራል። በአማርኛ «ሴራ» የተንኮል ዱለታ ነው። በእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋ ግን ሴራ ሕግ፣ ደንብ፣ ሰው ተስማምቶ ያጸናው ሥርዓት ማለት ነው። ሰፈሩ ሲሰበሰብ፣ ሽማግሌዎች ተነጋግረው ደንብ ሲያቆሙ፣ ያን የጣሰ ሰው ይቀጣል፤ ካልታረመም ይገለላል። እሳት የሚጭርለት፣ ለቅሶ የሚደርስለት ይጠፋል። ማኅተም የሌለው ይህ ውሳኔ ማኅተም ካለው ወረቀት ይበልጥ ይፈራል። የቀበሌ ሥራ በከምባታ ምድር የሚሠምረው ወረቀቱና ሴራው ሲገናኙ ነው። ተለያይተው ሲቀሩ የቀበሌው ውሳኔ ፋይል ውስጥ ያድራል።

ይህን በሚገባ ያሳዩት ቦጋለች ገብሬ ናቸው። ከዱራሜ አካባቢ ገጠር ተወልደው፣ ሴት ልጅ ውኃና እንጨት እንጂ ደብተር በማትይዝበት ዘመን ተምረው፣ እስራኤልና አሜሪካ ድረስ ዘልቀው የተመለሱ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂ ኢትዮጵያን መሠረቱ፤ የስሙ ትርጉም የከምባታ ሴቶች በኅብረት የሚሠሩበት እንደ ማለት ነው። ትልቁ ሐሳባቸው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቀረት ነበር። ሲመጡ ግን ሽማግሌዎቹን ምን ይቸግራችኋል ብለው ጠየቁ። መልሱ ድልድይ ሆነ። ድልድይ ባለመኖሩ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ መድረስ ይቸገሩ ነበር። ቦጋለች ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሴት ልጅ ገላ ሲናገሩ ሰው ቁጭ ብሎ የሰማቸው።

አሠራራቸው የማኅበረሰብ ውይይት ይባላል። ከአንድ ቀበሌ ሃምሳ ያህል ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ በየሁለት ሳምንቱ ይገናኛሉ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወያያሉ። ሴት ከባሏ ፊት የማትናገረውን ነገር በጉባኤ ቆማ ትናገራለች። ይህ ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ ጉባኤው ራሱ ደንብ ያወጣል፤ ሽማግሌው ያጸናዋል፤ ቀበሌው ይከታተለዋል። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስታገባ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የታደመበት ሰርግ እ.ኤ.አ. በ2002 ተደርጓል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ቀድሞ ከመቶው 97 የሚሆነው የአካባቢው ነዋሪ ግርዛት ይቀጥል ይል የነበረው ከመቶ 5 በታች ወርዷል። ፖሊስ በር እየሰበረ ቢገባ ይህን ቁጥር አያመጣውም ነበር። ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አርፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ጽሑፉ ይጎድላል። ሽምግልና ለወሰን፣ ለዕዳ፣ ለባልና ሚስት ጠብ መድኃኒት ነው። ለጠለፋና ለአስገድዶ መድፈር ግን መሸፈኛ ሲሆን ኖሯል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት ቀዳዳ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ ግርዛትንም ወንጀል ብሎታል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ተጠልፋ የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ቀበሌ በረንዳ ላይ ቢሰበሰቡ፣ የአስተዳዳሪው ግዴታ ወንበር ማቅረብ ሳይሆን ለፖሊስ መደወል ነው። ዝምድናም ይሉኝታም ይህን ሊያስቀር አይገባም።

ዛሬ የአካባቢው ትልቁ የደህንነት ስጋት ግን ከአጥር ውጭ ነው። ሆሳዕናና ዱራሜ የደቡብ አፍሪካ የስደት መንገድ የሚጀመርባቸው ከተሞች ሆነዋል። ልጁ በሞያሌ ኬንያን፣ ከዚያ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ያቋርጣል። አባት መሬት ያስይዛል፣ በሬ ይሸጣል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ሰው የሚያዘዋውሩትንና ድንበር የሚያሻግሩትን በጽኑ ይቀጣል። ሕጉ አለ። ደላላው ግን ወረዳ አይሄድም፤ ልጁን የሚያገኘው በጎጡ፣ በለቅሶው፣ በሰርጉ ነው። ማን እንደሆነም ሰፈሩ ያውቀዋል። ደላላውን አውቆ ዝም የሚል ሰፈር ነገ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ይቀመጣል፤ ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው።

የቀበሌው መዝገብም ልጆችን ከመጠበቅ ጋር ይያያዛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ልደት በ90 ቀን፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ተደንግጓል። ልደቷ ያልተመዘገበ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አሥራ ስምንት ሞላት ተብሎ ብትዳር ማን ይከራከርላታል? ፍርድ ቤት ዕድሜ ሲጠይቅ ጥርስና ቁመት ከማየት የልደት ምስክር ወረቀት ማየት ይሻላል። ምዝገባ የመንግሥት ጭቅጭቅ የሚመስለው ወላጅ፣ ያቺ ሐምራዊ ክብ ማኅተም ለልጁ ጋሻ እንደሆነች ማን በነገረው።

የቀበሌ ሥራ ግን መዝገብ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የተናደውን ተራራ አስታውሱ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ በሮጡት ሰዎች ላይ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከሞቱት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች መካከል ለእርዳታ የደረሱ የአካባቢው አመራሮች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ቀበሌ ማለት እነዚያ ናቸው። ከምባታም ተዳፋት አገር ነው፤ ክረምት ሲገባ የትኛው ቤት ሥር አፈሩ እንደተሰነጠቀ የሚያውቀው የልማት ሠራተኛው ወይም ጎረቤቱ ነው፤ ያን በጊዜ ለቀበሌው መንገር፣ ቀበሌውም ቤተሰቡን በጊዜ ማንሣት ይቻላል።

የቀበሌው ስብሰባ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ለሁሉም ይነበባል። የሮንዱ ተራ ለማን ደረሰ፣ የተሸረሸረውን መንገድ የትኛው ጎጥ ይጠግናል፣ የተጣሉትን ቤተሰቦች ማን ያስታርቃል፤ ሁሉም በስም ተጽፏል። ከዚያ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መጻፍ የሚችለው ይፈርማል። በነጠላቸው ተሸፋፍነው ጥግ ላይ የተቀመጡት እናት ሲደርሳቸው ሥራ አስኪያጁ የማኅተሙን ቀለም ሣጥን ከፍቶ ይዞላቸው ይጠጋል። አውራ ጣታቸውን ነክረው ከስማቸው ጎን በጥንቃቄ ይጫኑታል፤ ከዚያ ቀለሙን በሣር እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።