የመኪናዋ ብርቱካን መብራትና የኪሳችን ነገር

ሰሞኑን አንድ ታክሲ ነጂ ወገናችን ወደምሠራበት ጋራዥ መጣና ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ደረሰኝ ዘረጋልኝ። «ሁለት ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰር ገዛሁ፤ ይህች መብራት ግን ተመልሳ በራች» አለኝ። የሞተር ሥዕል ያለባት፣ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ብርቱካናማ መብራት ናት። በከፈለ ቁጥር ትጠፋለች፣ በሦስተኛው ቀን ትመለሳለች።

እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በፎልክስዋገንና በፊያት ላይ ነው። ያስተማረኝ ሰው ከምንም በላይ የሚያምነው ጆሮውን ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ ሰው ካርቡራተር ፈትቶ፣ ካንዴላ ጠርጎ መኪናዋን ያስነሣ ነበር። ጢሱ ምን ያህል ይመርዛል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው በአብዛኛው የጢስ ሕግ ነው። የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ እ.ኤ.አ. በ1967 በፎልክስዋገን 1600 ላይ አውጥቶ ነበር። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1970 ሲጠብቅ ግን ካርቡራተር እያደር አልበቃ አለ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ እዚህ አገር የሚሸጡ የቤት መኪናዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያና አንድ ዓይነት የብልሽት ቁጥር እንዲኖራቸው ተገደዱ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ ነበር የሚያወራው።

ታዲያ ቁጥሩን ማንበብ ብልሽቱን ማወቅ አይደለም፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። የወገናችን መኪና የሰጠችኝ ቁጥር ፒ-0171 ነው። ትርጉሙ «አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል» ማለት እንጂ «ሴንሰር ቀይር» ማለት አይደለም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር መግቢያው ላይ አንድ ሴንሰር ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ በዚያ ልክ ቤንዚን ያዛል። መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ በጢሱ ውስጥ የተረፈውን አይቶ ይመሰክራል። ኮምፒዩተሩም በምስክርነቱ ቤንዚን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጨምሮ ጨምሮ ልኩ ሲያልፍበት መብራቷን ያበራታል።

ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን ሳዳምጥ ከወደኋላ ስስ ፉጨት ሰማሁ። አንዲት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ያልተለካ አየር ታስገባለች! የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ሴንሰሩ እውነቱን በመናገሩ ተነቀለ፤ ይህ መቼም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም።

መብራቷ ሳትርገበገብ ከበራች አትደንግጡ፤ አስቀድማችሁ የቤንዚን ክዳኑ መጥበቁን እዩ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ሊያቃጥለው ነውና ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና የሞተሩ ኮምፒዩተር በፌዴራል ሕግ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና አላቸው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ይህን ሳያውቅ ከኪሱ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የነገው ነው። ዛሬ ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ማርሹም የየራሱ ኮምፒዩተር አለው፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩትም ቦሽ በ1986 ባወጣው ዘዴ በሁለት ሽቦ ነው። ከእነዚህ አንዱን ቀይሮ ብሎን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ዕቃ በፋብሪካው ፕሮግራም ከመኪናዋ ጋር መተዋወቅ አለበት። ፕሮግራሙን የከለከሉት ትንሽ ጋራዥ በሩን ይዘጋል፤ ባለ መኪናውም አከፋፋዩ የጠራለትን ዋጋ ይከፍላል። የማሳቹሴትስ ሕዝብ ይህን አይቶ በ2012 ድምፅ ሰጠ፤ በ2020 ደግሞ መኪናዋ በአየር የምታስተላልፈው መረጃ ለባለቤቷም ክፍት እንዲሆን ከመቶ 75 ያህሉ ደገፈ። የመኪና ፋብሪካዎቹ ማኅበር ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደ።

ወገናችን የመጀመሪያውን ሴንሰር አልጣለውም ነበር። ቱቦዋን ከቀየርኩ በኋላ መልሼ ብገጥመው ደህና አድርጎ ሠራ። አዲሶቹን ሁለቱን በፌስታል ቋጥሮ፣ ደረሰኞቹን ይዞ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ሄደ።