ፈይሩዝ ይጠጣል

ይህን የጻፈው ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። በደሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ብር የሚቀልጥበትን ቤት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሠሪውም ሻጩም አንድ በርጫ ላይ ነው የሚገናኘው። የማወራው ስለ ሰማያዊው ድንጋይ ነው። ዐረብ አገር ደርሰው የመጡት ፈይሩዝ ይሉታል፤ የአዲስ አበባ ልጆች ቱርኩዋዝ።

እዚህ አገር እንግዳ ነው። የሐረርጌ ብር የቆየ ባልንጀራው አምበርና መርጃን ነው፤ ብሩ ራሱ ደግሞ ከጠገራ የቀለጠ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ነው። የትም ይመታ የት የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ላይ ያስመታው ሳይቀር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ጠገራው ከገበያ ወረደ እንጂ ከሴቶች አንገት አልወረደም። የተረፈውን ደግሞ አንጥረኛ አቅልጦ ድሪና አምባር አደረገው። ዛሬ ጉሊት ላይ «ብር ነው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ጀርመን ሲልቨር ይባላል፤ በውስጡ ቅንጣት ብር የለም። ድንጋዩን ሳትጠይቁ በፊት ያቀፈውን ብረት ጠይቁ።

ፈይሩዝ ወደ እኛ የገባው በወንዶች ጣት ነው ብል አላጋነንኩም። በእስልምና ወንድ ወርቅ አያደርግም፣ የብር ቀለበት ግን ይፈቀድለታል። ስለዚህ ሐጅ የሄደም፣ ሳዑዲ ሠርቶ የተመለሰም ለአባቱ ዓቂቅ ወይም ፈይሩዝ ያለበት የብር ቀለበት ይዞ ይመጣል። ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ ደግሞ ሴቶቹ ጉትቻውን ይጠይቃሉ። ማማሩን አልክድም። ወርቅ ላይ ሲቀመጥ ወርቁ ይውጠዋል፤ ብር ላይ ግን ቀዝቀዝ ያለው ነጭ ሰማያዊውን ያወጣዋል። ብሩ ሲጠቁር ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ፋርሶች ከኒሻፑር ተራሮች፣ የጥንት ግብፆች ከሲና ሰራቢት ኤል ካዲም ሲቆፍሩት የኖሩት ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ሹክ የምላችሁ ነገር ይኸው፦ ይህ ድንጋይ ይጠጣል። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ፎስፌትና ውኃ ተጋግረው የሠሩት ነው። ሰማያዊነቱ ከመዳቡ ነው፤ ብረት ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ገላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፣ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል። የሻጩ ተንኮልም የገዢው ኪሳራም ከዚህች አንዲት ጠባይ ይመጣል።

ከተንኮሉ እንጀምር። ከመሬት ከሚወጣው ውስጥ ጠንካራና ቀለሙ የደመቀ ጥቂት ነው። ብዙው ለስላሳና ፈዛዛ ስለሆነ ሙጫ መሳይ ፕላስቲክ ያጠጡትና ይጠነክራል፣ ይደምቃል። ይህ ተነግሮ ከተሸጠ ነውር የለውም። ነውሩ ሌላ ድንጋይ ቀለም አጠጥቶ ፈይሩዝ ማለት ነው። ሃውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ አለ፣ በተፈጥሮው ግራጫ ሥር ሥር ያለበት። ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክረው ሲያወጡት ከነሥሩ ፈይሩዝን ቁጭ ይላል። ዶቃ ከሆነ ክር የሚያልፍበትን ቀዳዳ በስልካችሁ መብራት እዩት፤ ቀለሙ ዳር ላይ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ነጭ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ቀለበት ከሆነ ጥጥ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠብ አድርጋችሁ ከማይታየው ጎኑ አሹት። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ የገዛችሁት ቀለሙን ነው። ሻጩ ይህን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል፤ እናንተ ጥጡን ብቻ እዩ።

ጀርባውንም አዙሩት። ብሩ ከኋላ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ምን እንዳለበት አታውቁም። ስስ ቅጠል የምታህል ድንጋይ ሙጫ ላይ ተለጥፋ ወፍራም መስላ የምትሸጥበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ናቫሆ አንጥረኞች ከድንጋዩ ሥር የእንጨት ብናኝ ይጨምሩ ነበር፤ ለማጭበርበር ሳይሆን ድንጋዩ እንዲደላደልና ምት እንዲችል። ብናኙ ውኃ ሲጠጣ ግን ያብጥና ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ወደ ገዢው ኪሳራ ስመጣ አንድ ሐጂ ትዝ ይሉኛል። የቀለበታቸው ድንጋይ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖባቸው መጡ።

«ሲሸጡልኝ ሰማያዊ ነበር» አሉ።

«ሐጂ፣ ውዱእ ሲያደርጉ ያወልቁታል?»

«ለምን አወልቃለሁ? ብር አይደል?»

በቀን አምስት ጊዜ ውኃ፣ ከዚያ እጅ ላይ የሚቀባ ሽቶ፣ ከዚያ ቅባት። ብሩ ምንም አይሆንም፤ ድንጋዩ ግን ሁሉንም ተጎነጨ። ሴቶች ላይ የሚብሰው ቅቤ ነው። ፀጉር የተቀባ ቅቤ ቀልጦ ጉትቻው ላይ ሲወርድ፣ ጉትቻውን ሳያወልቁ ጭስ ሲሞቁ፣ በኦሞ ልብስ ሲያጥቡ፣ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ለውጡ በአንድ ቀን ስለማይታይ ጥፋቱ ሁልጊዜ በሻጩ ይላከካል፤ እውነት ለመናገር አንዳንዴም የሻጩ ነው።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ግን እኛው አንጥረኞች ቤት ውስጥ ነው። ቀለበት ጠበበ ብላችሁ ስታመጡ ጥንቁቅ ሠሪ መጀመሪያ ድንጋዩን ከጠርዙ ያወጣዋል። ቸኳዩ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎበት እሳቱን ይለቅበታል። ፈይሩዝ በውስጡ ውኃ አለ፤ ሲግል ይሰነጠቃል ወይም ይጠቁራል። ከብየዳ በኋላ ብሩን ለማንጣት የሚነከርበት አሲድ ደግሞ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ድንጋዩን ይበላዋል። ስለዚህ «ድንጋዩን አውጥተህ ነው የምትበይደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪው ከተቆጣ ሌላ ቤት ሂዱ።

ቤት ውስጥ የምናውቀው የብር ማጽጃ ሎሚና አመድ ነው። ለባዶ አምባር ይሁን። ፈይሩዝ ላለበት ግን ሎሚው አሲድ ነው፣ አመዱ ይፍቃል። የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። ብሩን በአንዴ የሚያነጣው የፋብሪካ ፈሳሽ የባሰ ነው። ድንጋዩ በጥንካሬ መለኪያ ከ5 እስከ 6 ነው፣ ተራ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ ራሱ ይጭረዋል። መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ከዚያ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በውኃ ነካ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ወዲያው አድርቁ። የጠቆረውን ብር ብቻ፣ ድንጋዩን ሳትነኩ፣ በጨርቅ ጫፍ እሹት። ሽቶና ቅባት መጀመሪያ፣ ቀለበቱ መጨረሻ። ስታስቀምጡት ለብቻው በጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አትተዉት።

የደላንታውን ኦፓል የገዛችሁም እዚሁ ላይ ጆሮ ስጡ። በ2000 ዓ.ም. ወሎ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል እሱም ጠጪ ነው። ውኃ ሲገባው ቀለሙ ይጠፋና መስታወት ይመስላል። የሚለየው ሲደርቅ የመመለስ ተስፋ ያለው መሆኑ ነው፤ ዘይት ከጠጣ ግን እሱም ከባድ ነው።

ፈይሩዝ አንዴ ቅባት ጠጥቶ ከተለወጠ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ላዩን ስስ አድርጎ መሞረድ አንዳንዴ ይረዳል፣ ቅባቱ ጠልቆ ካልገባ። «ቀለሙን እመልስልሃለሁ፣ ነገ ና» የሚል ሠሪ ካጋጠማችሁ ቀለም ሊነክረው ነው። የሐጂውን ድንጋይ እኔ አልነካሁትም፤ ጠርዙን አጥብቄ፣ ብሩን አጽድቼ ሰጠኋቸው። ቲቤት ውስጥ አረንጓዴውን የሚመርጡ ሰዎች እንዳሉ ስነግራቸው ሳቁና የብሩን ሥራ ብቻ ከፍለው ሄዱ።