በዐለት ላይ የቆመችው የኮሎራዶ ጸሎት ቤት

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከኤስቲስ ፓርክ ወደ አለንስፓርክ በሚወስደው ተራራማ መንገድ ዳር፣ በአንድ ትልቅ ዐለት አናት ላይ የተሠራች አነስተኛ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች፡፡ መጠሪያዋ «የሲየናዋ ቅድስት ካተሪን» ቢሆንም፣ ብዙዎች የሚያውቋት «የዐለቷ ጸሎት ቤት» በሚለው ስም ነው፡፡ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ዴንቨር ተነስቶ በዚህ መንገድ የወጣ ሰው ሳያያት አያልፍም፡፡

ታሪኳ የሚጀምረው ሞንሲኞር ጆሴፍ ቦሴቲ ከተባሉ የጣሊያን ተወላጅ ካህን ነው፡፡ ቦሴቲ እ.ኤ.አ. በ1916 ተወርዋሪ ኮከብ ሲወድቅ አይተው ስብርባሪውን ፍለጋ እንደወጡ፣ በኮከቡ ምትክም ይህን ዐለት እንዳገኙ ይተረካል፡፡ ጸሎት ቤት ሊሠሩበት ቢመኙም ምኞታቸው እውን እስኪሆን 20 ዓመት ፈጅቷል፡፡ በመሀሉ መንገድ ሠሪዎች ዐለቱን በፈንጂ ሊያነሱት አስበው እንደነበርና ካህኑ ተሟግተው እንዳስቀሩት ይነገራል፡፡

በመጨረሻ የዴንቨሩ ባለሀብት ኦስካር ማሎ ገንዘቡን ሰጥተው፣ ዣክ ቤኔዲክት የተባሉት አርክቴክት ንድፉን አውጥተው፣ ሕንጻው በ1936 ተጠናቀቀ፡፡ ግድግዳው ከዐለቱ በቅሎ የወጣ ይመስላል፡፡ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በነሐሴ 1993 ለዓለም አቀፍ የወጣቶች ቀን ወደ ዴንቨር በሄዱበት ወቅት ጎብኝተዋታል፡፡

ትልቁ ፈተና የመጣው በመስከረም 2013 ነው፡፡ ለቀናት ያለማቋረጥ የዘነበው ዝናብ፣ ከጀርባዋ የሚገኘውንና ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሚከር ተራራ ቁልቁለት አራሰው፡፡ ልል አፈር ውኃ ሲጠግብ እርስ በርስ የመያያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ክብደቱም ይጨምራል፡፡ አንዴ ከተናደ በኋላ ድንጋዩንና ዛፉን እየጠራረገ ዝቅተኛውን ቦታ ተከትሎ ይወርዳል፡፡ የሆነውም ይኸው ነበር፡፡ ጭቃና ግንድ ግቢውን አጥለቀለቀው፤ ከጸሎት ቤቷ ፊት የነበረውን ኩሬም ደፈነው፡፡ ጸሎት ቤቷ ግን ከዐለቷ ላይ ንቅንቅ አላለችም፡፡

ይህን ተአምር ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው፡፡ በምህንድስና ዓይን ለሚያየው ደግሞ ምክንያቱ ከእግሯ ሥር ነው፡፡ መሠረቷ ያረፈው ውኃ በማያሟሟው ዐለት ላይ ነው፤ ከፍ ብላ መቆሟም ከጎርፉ መውረጃ አርቋታል፡፡ ያ ዐለት በፈንጂ ቢነሳ ኖሮ ወይም ካህኑ ለግንባታ የሚቀለውን ለጥ ያለ መሬት መርጠው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ መንገደኛው ቆም ብሎ የሚያያት ጸሎት ቤት ላትኖር ትችል ነበር፡፡