ተማሪው የት ላይ እንደቀረ የማያውቅ ትምህርት

የርቀት ትምህርት ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ወደ ዕቃ ይሄዳል። ታብሌት አለ ወይ? ኢንተርኔት ይደርሳል ወይ? መብራት ቢጠፋስ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሬዲዮ በሌለበት ቤት የሬዲዮ ትምህርት የለም። ነገር ግን ከኮሮና ወዲህ የወጡትን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው፣ ዕቃው የችግሩ ግማሽ እንኳ አይመስልም።

ኔዘርላንድስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶቿ የተዘጉት ለ8 ሳምንት ያህል ብቻ ነበር፤ ፈጣን ኢንተርኔት ደግሞ በአገሪቱ ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የተሰጡ አገር አቀፍ ፈተናዎችን ሲያነጻጽሩ ግን ልጆቹ ቤት ሆነው በተማሩባቸው ሳምንታት የጨመሩት እውቀት ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ያጡት የትምህርት ዓመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበትም ጊዜ ያንኑ ያህላል። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ኪሳራው እስከ 60 በመቶ ከፍ ብሏል። ታዲያ ሁሉ ነገር በተሟላበት አገር ምን ጎደለ?

እኔ እንደማየው የጎደለው ተማሪው የት ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ መምህር ማካፈል እያስተማረ የልጆቹን ፊት ያነባል፣ ደብተራቸውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ማባዛቱ ራሱ እንዳልገባቸው ሲረዳ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሩቅ የሚላክ ትምህርት፣ በሬዲዮም ይሁን በቪዲዮ፣ ይህን መመለስ አይችልም። ልጁ ቢከተለውም ባይከተለውም እሱ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህን ለማወቅ ኮሮናን መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን ፕላዝማ የተማረበት ትውልድ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በአንድ ሰዓት፣ ለሁሉም ትምህርት ቤት እኩል ይተላለፋል። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ከጎን ቆሞ ያያል፤ የሚቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ላመለጠው ሁሉ አይበቁም። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። በወቅቱ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያነሱት ይህንኑ ነበር፦ ፍጥነቱን፣ የቋንቋውን ክብደት፣ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች መሆኑን። ቴክኖሎጂው ግን ደርሶ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። ለአንደኛ ደረጃ ሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን ተመደበ፤ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በቴሌግራም ወርክሺት ይልኩ ጀመር። ወርክሺቱን ተቀብሎ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ወላጅ ያለው ቤት ሳይጎዳ አለፈ ማለት ይቻላል። የገጠሩ ልጅ ግን ሬዲዮ ቢኖረው እንኳ “እስቲ ይህችን ሥራልኝ” የሚለው አልነበረውም።

ወደ ቦትስዋና ልሂድ፤ በዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ በጣም ያሳመነኝ የዚያ አገር ሙከራ ነውና። ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ቤተሰቦች በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ይላኩላቸዋል። ለሌሎቹ ከመልእክቱ በተጨማሪ አስተማሪ ይደውላል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከወላጁና ከልጁ ጋር ሆኖ ጥያቄውን ይሠራል። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። የተደወለላቸው ግን በሒሳብ ተሻሻሉ። ኢንተርኔት የለም፣ ስክሪን የለም፤ ተራ ስልክና የልጁን መልስ የሚሰማ ሰው ነው ያለው። ዘዴው በኋላ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ ተሞክሮ ውጤቱ ጸንቷል።

ይህን አንብቦ ስልኩን መድኃኒት አድርጎ መውሰድም ስህተት ነው። በሴራሊዮን መምህራን እየደወሉ የሬዲዮውን ትምህርት እንዲያግዙ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ ለትምህርት የሚሰጡት ትኩረት ጨመረ፤ የፈተና ውጤታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ገና ያከራክራል። እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው፦ የቦትስዋናው ጥሪ ልጁ ካለበት ከመደመርና ከመቀነስ ሲነሳ፣ የሴራሊዮኑ የሬዲዮውን ትምህርት ተከትሎ ይሄድ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ የሚሆነው ነው። በፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2005 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በአደጋው አካባቢ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በአማካይ ለ14 ሳምንት ያህል ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲመለሱ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ ቀርተው አገኟቸው። የጠፋው 3 ወር ከተከፈተም በኋላ ማደጉን አላቆመም ማለት ነው፤ ክፍሉ በመጽሐፉ ወደ ፊት ሲሄድ መሠረቱ ያመለጠው ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይርቃል። እናቶቻቸው ቢያንስ አንደኛ ደረጃን የጨረሱ ልጆች ግን አልተጎዱም።

እኛስ? በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወሩ። ልጆቹ ላይ ዓመት መጨመር አልተፈለገም፤ ውሳኔው ይገባኛል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት፣ ከመካከላቸው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑት ልጆች፣ በመዘጋቱ ጊዜ 10ኛ ክፍል ነበሩ። ያንን ቁጥር በኮሮና ላይ መጫን አይገባም፤ ጦርነት ነበር፣ የፈተናው አሰጣጥም ኩረጃን ለመከላከል ተለውጧል። ሆኖም ያመለጣቸው ሳይለካ ወደ ላይ መውጣታቸው ከምክንያቶቹ ዝርዝር ተረስቶ መቅረቱን አልቀበልም።

ነገሩ ደግሞ አላለፈም። በትግራይ ከኮሮና ወደ ጦርነት የተሸጋገሩ ልጆች 3 ዓመት ገደማ ክፍል አልገቡም፤ ለብዙ ጊዜ ስልክም ተቋርጦባቸው ነበር። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት የራቁት በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ለእነዚህ ልጆች ሬዲዮና ታብሌት ሲታሰብ የሚጠየቀው ሒሳብ የዕቃው ዋጋ ነው። የሰውስ? 60 ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 15 ደቂቃ ቢደውል 15 ሰዓት ይፈጅበታል፣ የካርዱን ወጪ ሳንጨምር። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር ይህን በነፃ ይሥራ ማለት አይቻልም። በሚቀርብልን እቅድ ሁሉ ላይ ያ 15 ሰዓት በየትኛው የበጀት መስመር እንደተያዘ ማየት እፈልጋለሁ።