ስለ ማርስ ድንጋይ ናሙናና በኅዋ ውስጥ ሕይወትን ስለ መፈለግ



በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ናሙና ሳይታይ የተፈጸመ ውል ብዙ ጊዜ ጠብንና ክስን ያስከትላል። ቡና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ፍሬውን ያያል፥ ያስቆላል፥ ያስቀምሳል፤ ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋው ይነጋገራል። በቅርብ ዓመታት በየጋዜጣውና በየሬዲዮው «በማርስ ላይ የሕይወት ምልክት ታየ» የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ አንዳንድ ነጋዴዎች «እውነት ከሆነ ለምን አምጥተው አያሳዩንም?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው የሚከራከሩት በዚሁ ላይ ነውና፥ ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በማርስ ላይ የተገኘው ድንጋይ

ናሳ የተባለው የአሜሪካ የኅዋ ምርምር መሥሪያ ቤት የላከው ፐርሲቪራንስ የተባለ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ዓ.ም. ጄዜሮ በሚባል የማርስ ጎድጓዳ ሥፍራ አረፈ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥፍራው የተመረጠበት ምክንያት፥ ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ እንደ ነበረ ከመሬቱ አቀማመጥ ስለ ታወቀ ነው። ውሃ በነበረበት ዘንድ ሕይወትም ኖሮ እንደሆነ መፈለግ ተገቢ ነውና።

በጁላይ 2024 ዓ.ም. ተሽከርካሪው በደረቀ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሲጓዝ፥ ርዝመቱ አንድ ሜትር፥ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘ። ሊቃውንቱም ቼያቫ ፎልስ ብለው ሰየሙት። በላዩ ላይ ውስጣቸው የነጣ፥ ዙሪያቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች ስለ ታዩ የነብር ነቁጥ የሚል ስም ወጣላቸው። በመሣሪያ ሲመረመሩም ሁለት ዓይነት ማዕድናትን የሚያመለክቱ ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው ቪቪያናይት የሚባል ብረትና ፎስፎረስ ያለበት፥ ሁለተኛው ግሬጋይት የሚባል ብረትና ድኝ ያለበት ነው። በድንጋዩም ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦን እንዳለ ታወቀ።

ነገሩን ታላቅ ያደረገው ይህ ነው፤ በምድራችን ላይ አየር በማይገባበት ጭቃ ውስጥ ረቂቃን ነፍሳት ብስባሽን ሲመገቡ፥ ብዙ ጊዜ እነዚህን የመሰሉ ማዕድናት ትተው ያልፋሉ። ሆኖም እነዚሁ ማዕድናት ሕይወት በሌለበትም በኬሚካል ኃይል ብቻ ሊፈጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት ሕይወት ተገኘ አላለም፤ የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር ተገኘ አለ እንጂ። ከድንጋዩ ተቆፍሮ የወጣው ናሙና ሳፋየር ካንየን ተብሎ በብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል።

ስለ መቸኮል

ሊቃውንቱ ቃላቸውን እንዲህ የሚመዝኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ቫይኪንግ የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች በማርስ አፈር ላይ ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፥ አንደኛው ምርመራ ሕይወት ያለ ሲያስመስል፥ ሌላው መሣሪያ ግን የሚያረጋግጥለት ነገር ሳያገኝ ቀረ። በኦገስት 1996 ዓ.ም. ደግሞ ከማርስ ተፈንጥሮ በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ በተገኘ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ረቂቃን ነፍሳት ቅሪት ታየ ተብሎ ተነገረ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ ስለ ጉዳዩ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። ኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የታየው ሁሉ ያለ ሕይወት ሊፈጠር እንደሚችል ስላሳዩ፥ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚህ ትምህርት የተነሣ በ2021 ዓ.ም. የናሳ ሊቃውንት ሰባት ደረጃ ያለው መመዘኛ አቀረቡ፤ ምልክትን ማየት የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ብክለትን፥ ሕይወት የሌለበትን ምክንያት ሁሉ እያስወገዱ መውጣት ያስፈልጋል።

ወደ ምድር የገባው ናሙና

ናሙና በእጅ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ቤኑ የተባለችውን ትንሽ የሰማይ አካል መመልከት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የተላከው ኦሳይረስ ሬክስ የተባለው መንኮራኩር በኦክቶበር 2020 ዓ.ም. ከላይዋ አፈር ዘገነ፤ በሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ዓ.ም. ዕቃ መያዣው በጃንጥላ ተንጠልጥሎ በዩታ በረሃ ወረደ። የታሰበው 60 ግራም ሲሆን የተገኘው 121.6 ግራም ነው። መያዣው ከታሰረባቸው 35 ማሰሪያዎች ሁለቱ አልፈታ ስላሉ፥ ለዚሁ ብቻ አዲስ መፍቻ ተሠርቶ በጃንዋሪ 2024 ዓ.ም. ተከፈተ።

በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. የምርመራው ውጤት ታተመ። በምድር ያሉ ሕያዋን ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ፥ የዘር ጽሑፍ የሚጻፍባቸው አምስት መሠረቶችም በሙሉ በዚያ አፈር ውስጥ ተገኙ። ይሁን እንጂ ይህ ሕይወት አይደለም። አሚኖ አሲድ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው፤ የምድር ሕያዋን የሚጠቀሙት በግራው ሲሆን፥ የቤኑ አፈር ግን ሁለቱንም በእኩል መጠን ያህል ይዟል። ይኸውም በሕይወት ሳይሆን በኬሚካል የተሠራ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ የሕንፃው ድንጋይና እንጨት ተገኘ እንጂ ሕንፃው አልተገኘም።

ከዚሁ ጋር ጨዋማ ውሃ ቀስ በቀስ ሲተን የሚቀሩ የጨው ዓይነቶች ተገኝተዋል። ከእነርሱም አንዱ ትሮና ነው፤ ይህም በኬንያ ከማጋዲ ሐይቅ እየተቆፈረ ለንግድ የሚወጣው ሶዳ መሆኑን ብዙ ነጋዴዎች ያውቃሉ።

በአገራችን ያለው ምስክር

ጨውና ውሃ ባሉበት ሁሉ ሕይወት ይኖራልን? ለዚህ ጥያቄ ሊቃውንቱ መልስ የፈለጉት በአፋር ምድር፥ በዳሎል ነው። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ጨው በሚቆረጥበት በዚያ ሜዳ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፥ ቢጫና አረንጓዴ መልክ ያላቸው እጅግ የጋሉ፥ እጅግ ጨዋማና እጅግ አሲዳማ ኩሬዎች ይገኛሉ። በ2019 ዓ.ም. አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በጣም ከባዶቹ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንደሌለና፥ እንደ ሕዋስ የሚመስሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ማዕድን ብቻ እንደ ሆኑ ገለጠ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ እጅግ ደቃቃ ነፍሳትን አገኘሁ አለ። እንግዲህ በመኪና ሄደው በብርጭቆ ቀድተው በሚያመጡት ውሃ ላይ እንዲህ ከተከራከሩ፥ በማርስ ላይ ባለ፥ ሰው በእጁ ባልነካው ድንጋይ ላይ ፍርድ መስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ።

የዋጋው ጉዳይ

ናሙናውን ማምጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር ሆነ። በ2023 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረ ገለልተኛ ጉባኤ ወጪው ከ8 እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገመተ። በኤፕሪል 2024 ዓ.ም. የናሳ አስተዳዳሪ ገንዘቡ መብዛቱን፥ ናሙናውም በ2040 ዓ.ም. መድረሱ መዘግየት መሆኑን ገልጠው ርካሽ ዘዴ እንዲፈለግ አዘዙ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ያቀረበው በጀት እቅዱ እንዲቀር ሐሳብ ሰጠ። ቻይና በበኩልዋ፥ በ2020 እና በ2024 ዓ.ም. የጨረቃን አፈር አምጥታ ልምድ ስላገኘች፥ ቲያንዌን 3 የተባለውን መንኮራኩር በ2028 ዓ.ም. ገደማ ልካ የማርስን አፈር ለማምጣት አስባለች። ይሁን እንጂ የነብር ነቁጥ የታየበት ድንጋይ ናሙና ያለው በፐርሲቪራንስ እጅ ነው።

በአንድ ወገን ያሉት፥ ይህን ያህል ገንዘብ ለጥቂት ግራም ድንጋይ ማውጣት አይገባም ይላሉ፤ በምድር ላይ ችግረኛ እያለ ይህ ክርክር ክብደት የለውም ልንል አንችልም። በሌላው ወገን ያሉት፥ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ሲጠይቀው የኖረው ጥያቄ መልስ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፥ ለማጓጓዣ ሒሳብ ተብሎ በበረሃ መቅረት የለበትም ይላሉ። ሁለቱንም ማዳመጥ ይገባል።

ለኛ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። እነዚህ ሊቃውንት ዝናንም ገንዘብንም የሚያስገኝ ዜና በእጃቸው ሳለ፥ በዕቃው ላይ «ሊሆን ይችላል» የሚል ምልክት ለጥፈው አቀረቡ፤ ወሬ አመላላሹ ግን ያንን ምልክት ቀድዶ «ነው» ብሎ ሸጠው። ስለዚህ «ለምን አያሳዩንም?» ላለው ነጋዴ መልሳችን፥ ዕቃው አለ፥ ማኅተሙም አልተፈታም፤ የጎደለው ማጓጓዣው ነው የሚል ነው። እስኪመጣ ድረስ ስለ ማርስ የሚነገረውን ሁሉ ናሙናው እንዳልተቀመሰ ቡና አድርጎ መስማት ይገባል።